ለልጄ በድንገት የነገርኳት

ይድረስ ለእትዬ፣ ለእናቴ ምትክ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ጋሼን ያ ሳል ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን ግማሹን ነው፤ ልጄ አንቺ ቤት ሆና ስልኬን እንደማታነሳ ከአንቺ የሚሰወር አይደለም።

ነገሩን ከእሷ ሰምተሻል፤ ከእኔም ስሚው። ላገባ መሆኔን ልነግራት ስንት ቀን ቃል ስመርጥ ከረምኩ። እናቷን አንስቼ፣ ብቸኝነቴን አጫውቻት፣ ቀስ ብዬ ልደርስበት ያሰብኩትን፣ ገና «ሄሎ አባዬ» ስትለኝ «ላገባ ነው፣ ደህና ነሽ ወይ?» ብዬው አረፍኩ። «እማዬን መቼ ነው የረሳሃት?» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

የማገባት ሴት እኔ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ አጣቢ ናት፤ እሷም ባሏን ሞት የነጠቃት። የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው ፊቷ ላይ ደረቀ። «አንተ ሰው! ለእኔ ለመናገር አንሶላ ልቀበል እያልክ ስንቴ ተመላልሰህ፣ ለልጅህ በአንድ ትንፋሽ?» አለችኝ። እዚህ ሥራ ስገባ መጀመሪያ የተማርኩት ሳልናገር ማንንም እንዳልነካ ነው። «አባባ፣ አሁን ትራስዎን ከፍ ላደርገው ነው፤ እማማ፣ አሁን ዊልቸሩን ላዞረው ነው» ስል ነው የምውለው። ለባዕድ ሰው እንዲህ እየተጠነቀቅኩ ለገዛ ልጄ ምላሴን መያዝ አቃተኝ።

ከሥራ በኋላ እንግሊዝኛ እንደምማር ነግሬሻለሁ። በዚያው ሰሞን መምህራችን «ሰደን» የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ የእኛው ድንገተኛ ነው። ለዝናብ ይሆናል፣ ለጩኸት፣ ለመንገድ መታጠፍ፣ ለሞትም፤ ሳይታሰብ ለሚመጣ ነገር ሁሉ ይሆናል። ለሰው ጠባይ ግን ብዙም አይባልም አለችን፤ ይህን ያለችው አብሮን የሚማር አንድ ቧንቧ ሠራተኛ «ሚስቴ ሰደን ናት» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ከጨረሰው በኋላ ነው። ተራዬ ሲደርስ የልቤ አመለጠኝና «ጋብቻዬ ድንገተኛ አይደለም» ብዬ ዐረፍተ ነገር ሠራሁ። ልክ ነው አለችና «ለማን?» ብላ ጠየቀችኝ። ተራራው ላይ የቆመ ሰው ጎርፉን ሲመጣ ያየዋል፣ ድንገት ደረሰብኝ የሚለው ታች ያለው ነው አለች።

እትዬ፣ ማታ ለጸሎት ስንበረከክ ያቺ «ለማን» ከፊቴ አልነሳ አለችኝ። እኔ እኮ እዚህ ሐሳብ ላይ የደረስኩት ዓመት ከመንፈቅ እየተጎተትኩ ነው። ፈጣሪን እየጠየቅኩ፣ ሟቿን በልቤ ይቅርታ እያልኩ፣ ትቼው፣ ደግሞ አንስቼው። ለራሴ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰጥቼ ለልጄ የአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ ነፈግኳት። እናቷም የሞተችው በድንገት አይደል? ጠዋት ስቃ ሸኝታት፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አላገኘቻትም። አንድ ልጅ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከደረሰባት ይበቃት ነበር፤ ሁለተኛውን እኔ አባቷ ጨመርኩላት።

ጋብቻውን አቆይተነዋል። ይቆይ ያለችውም ልብስ አጣቢዋ ራሷ ናት፤ «ሳታውቀኝ ቤቷ አልገባም» አለች። አንቺን የምለምንሽ አስታርቂኝ ብዬ አይደለም። አታግባቢያት፣ አትቆጫት። እናቷን ስታነሳ አብረሻት አንሺ እንጂ «ተይው አሁን» አትበያት። የጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ አልረሳኋትም ነው፤ ደብዳቤውን ማየት ከፈለገች ስጫት፣ ካልፈለገች አስቀምጪው።

ጋሼን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ መድኃኒቱን ይዋጥ፣ አይለግም። ትልቁን ልጅሽን በርታ በይው። ያቺን ለፍላፊዋን ትንሿን ጆሮዋን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። ልጄንም ጉንጯን ሳሚልኝ ልልሽ ነበር። ፊቷን ካዞረችብሽ ግን ተያት፤ እጠብቃታለሁ።

ወንድምሽ

ከመጦሪያው የሠራተኞች ማደሪያ
ኅዳር ፲፮ ቀን