አራተኛው ጥያቄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1978፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ዶሮ ማነቂያ። አሥራ አንድ በር አንኳኳሁ፤ ዘጠኙ ተከፈተልኝ። እግሬ አልቋል። አንቺማ ምን አለብሽ ደብተሬ፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝተሽ ትውያለሽ።

ሰዉ ሁሉ ለምን እንደምንዞር ይጠይቃል። መልሴን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ የቀበሌው አረጋውያን በኅብረት ሱቅ ሰልፍ እየተጎዱ ስለሆነ፣ ሐሙስ ጠዋት ለእነሱ ብቻ ይሰጥ ብለን ልናመለክት ነው። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ስኳር ሲጠብቁ ተዝለፍልፈው ወደቁ። የዩኒቨርሲቲ መምህራችን በባዶ እጅ ቀበሌ አትሂዱ፣ አጥንታችሁ ሂዱ አሉን። መጠይቁን ከሸምሱ ጋር አዘጋጀነው። ሸምሱ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ አባቱ ፒያሳ ጨርቅ ይሸጣሉ። ቁጥር ሲያይ ፊቱ ይበራል፣ ሰው ሲያይ ያፍራል። ስለዚህ እኔ አንኳኳለሁ፣ እሱ ይደምራል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5፣ ማታ 1 ሰዓት

ወ/ሮ አጸደ። ዕድሜ ሰባ ግድም (ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ ብለዋል)። ጉልበታቸው አይታጠፍም። ቤታቸው አንዲት ክፍል። አራተኛው ጥያቄ ላይ ደረስኩ፦ አብሮዎት የሚኖር ልጅ አለ? አለ፣ ሰለሞን። የት ነው? ወጣ ብሏል። «አለ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ግድግዳው ላይ የተተኮሰ ሸሚዝ ተሰቅሏል። ኮሌታው ትልቅ፣ ጫፉ ሹል። እንዲህ ያለ አሁን ማንም አይለብስም። ዮናስ ነበረው፤ ወንድሜ። አንድ ጠዋት ከቤት እንደ ወጣ ቀረ፤ ስምንት ዓመቱ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ናፈቀኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም ዛሬ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ጉድ ሆንን። ሸምሱ ደመረው፦ ከአረጋውያኑ አብዛኞቹ ልጅ አብሯቸው ይኖራል! ሠንጠረዡ ያምራል፣ በቀይ እስክርቢቶ አስምሮበታል። የቀበሌው ሊቀመንበር አዩትና ሳቁ። ጧሪ ካላቸው ልጆቻቸውን ይላኩ፣ የምን ሐሙስ ነው አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የደከማቸው ሰው ናቸው። ስንሄድ ልጆቹን አላየንም ብንላቸው፣ ልጁ በእርግጥ ከሌለ እናትየዋ የለም ብላ ትፈርም፣ ስሙም ከራሽን ደብተሩ ይሰረዝ፣ ያኔ ሐሙስን እንነጋገራለን አሉን።

ምክንያታዊ መሰለኝ። ሞኝ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የሚፈረመውን ወረቀት ይዤ ወ/ሮ አጸደ ዘንድ ሄድኩ። አነበብኩላቸው። እንደገና አነበብኩ፣ ያልሰሙኝ መስሎኝ። ከዚያ ሰለሞን እንዴት እንደ ወጣ ነገሩኝ፤ ማን እንደ መጣ፣ የት የት ሄደው እንደ ጠየቁ፣ በየበሩ ምን እንደ ተባሉ። እሱም ስምንት ዓመቱ። እንባ የለም። እንደ ገበያ ወሬ ነው የነገሩኝ።

«ለስኳር ብዬ ልጄን አላስፍቅም» አሉኝ። ሰልፉ ላይ ብወድቅ ይሻለኛል አሉ። አልተቆጡኝም። ስወጣ እንዲያውም ድንጋዩ እንዳያዳልጥሽ አሉኝ፤ ያ ነው ያቃጠለኝ።

ሌሎች አራት ቤቶች ሄድኩ። ሁሉም ጋ ወጣ ያለ ልጅ አለ። ወረቀቱን ማንም አልፈረመም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11፣ ስድስት ኪሎ፣ ከምሳ በኋላ

ከሸምሱ ጋር ተጣላን። መረጃው የተሳሳተ ነው፣ መታረም አለበት ይላል። ማን ዋሸ? አልኩት። ድምፄ ከፍ አለ፣ ሰው ዞሮ አየን። እናት ልጇን የለም በይ ስትባል አለ ካለች፣ ጥፋቱ የጠያቂው ነው። አብሮዎት የሚኖር ማነው አንበል። ባለፈው ጊዜ ሰልፍ የቆመልዎ ማነው እንበል። በቃ።

ሸምሱ ዝም ሲል እየደመረ ነው። ቆይቶ ያን የመሰለ ሠንጠረዡን ለሁለት ቀደደው። ነገ አብሬሽ አንኳኳለሁ አለ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ቀበሌ አዳራሽ። እነዚያኑ ቤቶች ዞረን መጥተናል። ሰልፍ የቆመልዎ ማነው? እኔው። እኔው። እኔው። ሸምሱ ሲያነብ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አነበበው።

የሊቀመንበሩ ጣት ወ/ሮ አጸደ ስም ላይ ቆመ። ታዲያ ይሄ ልጅ የት ነው ያለው? አሉኝ። አዳራሹ ውስጥ ያላወቀ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። እሱን አልጠየቅንም አልኩ። የጠየቅነው ማን እንደ ተሰለፈ ነው። ጠረጴዛውን ያዝኩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ጻፉ፦ ከፊታችን ሐሙስ ጀምሮ፣ ጠዋት፣ ለአረጋውያን። ማንም አይሰረዝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

መጡ! ሰልፍ አይሉት ወሬ። ወንበር ያመጣም አለ። ወ/ሮ አጸደ ስኳራቸውንና ሳሙናቸውን ይዘው ወጡ። ዘንቢላቸውን ይዤላቸው እስከ ቤታቸው ሄድን። መንገድ ላይ፣ ወንድም አለሽ? ብለው ጠየቁኝ።

የለኝም አልኩ።

እንዲሁ አፌ ላይ መጣ። ለምዶብኛል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ በቅጹ ላይም እንዲሁ ነው የሞላሁት፤ ወንድም፦ የለም። ማንም አላስገደደኝም። ጠያቂ እንዳይመጣብኝ ፈርቼ ነው። እማዬ አታውቅም። ብታውቅ ምን ትለኝ ነበር? እኚህ ሴትዮ ብወድቅ ይሻለኛል ብለው ያላደረጉትን እኔ በአንድ እስክርቢቶ ጭረት አደረግሁት። ዮናስ፣ ይቅር በለኝ። የጫማህ ኮቴ ሲሰማ በር ላይ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነበርኩ።

ቅጹ ነገ ይታረማል፤ የሚመጣው ይምጣ። አሁን ግን ገና ፀሐይ ነው፣ ወ/ሮ አጸደም ቤታቸው ናቸው። ተመልሼ እሄዳለሁ። ዋሽቼዎታለሁ እላቸዋለሁ። አለኝ፣ ዮናስ ይባላል፣ ሲስቅ ትከሻው ይነቃነቃል እላቸዋለሁ።