የካፕቴን ትንፋሽ

ረቡዕ፣ የካቲት 11። ጠዋት 12:40

22። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሁለቱም 22። ካፕቴን ከሶፋው ሥር በጎኑ ተኝቷል። ሆዱ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል፣ አንድ። ሙሉ ደቂቃ፣ ሰዓቴን ይዤ። የእንስሳት ሐኪሟ ዶ/ር ዋንጂኩ ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ይበቃል ትላለች። ለሷ ይበቃ ይሆናል።

አንተ ደብተር አዲስ ነህ፣ ልንገርህ። ውሻችን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትንሽ፣ ጆሮው የተንዘረፈፈ። በልቡ ግራ በኩል ያለው ቫልቭ፣ ሚትራል የሚሉት፣ አርጅቶ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። በዚህ ምክንያት ሳንባው ውሃ ሊይዝ ይችላል፣ ያን ጊዜ ተኝቶም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ከ30 ካለፈ ደውሉ ተብለናል። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት አውሮፕላን ጥገና ላይ ተቆጣጣሪ ነኝ። የሚያፈስ ቫልቭ አውቃለሁ። ያላየሁትን አልፈርምም።

ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀን። ቤት ውስጥ ዶሮ የለም፤ ባለቤቴ ሂሩት ማቀዝቀዣውን እሑድ ጠርጋ አጽድታዋለች። የካፕቴን ክኒን ደግሞ በዶሮ ሥጋ ነበር የሚጠቀለለው። እኔ በጾም ዓሣ እበላለሁ፣ እሷ አትበላም፣ በየዓመቱ እንከራከርበታለን። ስለዚህ ክኒኑን ከኔው ቱና አንድ ጉርሻ ውስጥ ከተትኩት። ዋጠው። ጣቴን ላሰ። ጨመርኩለት። የቤት ሠራተኛችን አቼንግ ቆርቆሮውን እያየች የሆነ ነገር ልትል ነበር። የመድኃኒቱ ነገር የኔ ነው አልኳት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ከሰዓት 8:15

27። አልወደድኩትም።

ሐሙስ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ አቼንግ የቆጠረችው 25። ትናንትም 25። ማቀዝቀዣው ላይ በለጠፍኩት ወረቀት፣ በሚያምር ጽሑፍ። ሁለት ቀን አንድ ቁጥር! ሃንጋር ውስጥ እንዲህ ካየሁ ሜካኒኩን አስጠራለሁ። እውነት አጠገቡ ቁጭ ብላ ትቆጥራለች? ወይስ ሽንኩርት እየከተፈች በዓይኗ ትገምታለች?

አዲስ ደንብ አወጣሁ። ካፕቴን አፍ የገባ ሁሉ ይጻፋል። ሰዓቱ፣ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሰጠው። ፍርፋሪም ቢሆን። ለዚሁ የራሷን ደብተር ገዛሁላት። እሺ ባባ ሜሮን አለች። እዚህ ናይሮቢ አባት የሚጠራው በልጁ ስም ነው፤ ሜሮን ልጃችን ናት፣ ኤልዶሬት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እሺታዋ ራሱ ፈጠነብኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ክኒኑን ጠዋትም ማታም የምሰጠው በራሴ እጅ ነው። በዚህ ቤት የምተማመንበት እጅ እሱ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 19። ማታ 1:30

33። ደወልኩ። ክሊኒክ ሄድን።

ዶ/ር ዋ. በአልትራሳውንድ አየችው። ልቡ ካለፈው ሰፍቷል፣ ሳንባው ውሃ መያዝ ጀምሯል። ምግቡ ተቀይሯል ወይ አለች። አልተቀየረም አልኩ። ያው የታዘዘለት ደረቅ ምግብ፣ በዚያው ሳህን። ውሃ የሚያሸናውን ክኒን ጨመረችለት።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን አመጣች። ቀዶ ጥገና። ደረቱ ይከፈታል። ልቡ እንዲቆም ይደረጋል፣ ደሙን ማሽን ያዞርለታል። የተበጠሱት የቫልቩ ክሮች በሰው ሠራሽ ክር ይተካሉ፣ የሰፋው ቀለበት ይጠባል። ከዚያ ልቡን ያስነሡታል። ከተነሣ። ብዙዎቹ ይነሣሉ አለች፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ክኒን ጊዜ ይገዛል እንጂ ቫልቭ አይጠግንም አለች።

እዚህ አይሠራም። ባሕር ማዶ ያለ ቡድን ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ግን አንድ ውሻ ቀርቶ ቦታ ተገኝቷል። መልሱን እስከ ዓርብ መጋቢት 4።

ቦታው ሊያመልጥ ነው ፍጠኑ! ይህን ቋንቋ መኪና ሻጭም ያውቀዋል። ለምን አሁን? ለምን እኔ? ዶ/ር ዋ. ከዚያ ቡድን ጋር ምን አላት? ጠየቅኳት። አብሬያቸው ተምሬአለሁ አለች፣ ፊቷ ሳይለወጥ። ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21። ከሰዓት 11:00

ሜሮን ከኤልዶሬት መጣች። ካፕቴን በር ላይ ዘለለ፣ ሳለ፣ ተቀመጠ። ልጄ አለቀሰች።

ዛሬ ያደረግኩትን ለሂሩት አልነገርኩም። ካፕቴንን ይዤ፣ ከሜሮን ጋር፣ መሃል ከተማ ወደ ሌላ ክሊኒክ። ስሙን ቶሚ ብዬ አስመዘገብኩት፣ የኔንም በአያቴ ስም። የዶ/ር ዋ.ን ወረቀት አላሳየሁም። ሽማግሌው ሐኪም ማዳመጫውን ገና ሲያሳርፍ ራሱን ነቀነቀ። ሚትራል። ከባድ። ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ አሉ፣ ግን ሩቅ ናቸው፣ ቦታ ካገኘህ አታመንታ አለኝ።

ቃል በቃል ያው! ተደዋውለው ቢሆንስ? ናይሮቢ ውስጥ ስንት የውሻ ልብ ሐኪም አለ፣ ሁሉም ይተዋወቃሉ።

ይህን ለሜሮን መኪና ውስጥ ነገርኳት። ዳዲ፣ ስሙን እኮ ቶሚ ብለሃቸዋል፣ እንዴት ይደዋወላሉ ባና አለችኝ፣ እባክህ እንደማለት። ሰፈራችን ላቪንግተን እስክንደርስ መስኮት መስኮቱን አየች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24። ጠዋት 1:20

36። ክኒን ተጨምሮ ቁጥር ይጨምራል? አንድ ሰው አንድ ነገር እየሰጠው ነው።

አቼንግን ነው የምጠረጥረው። ቺፕስ ትወዳለች። ትናንት በብስኩቱ ጣሳ ክዳን ላይ ቀጭን ክር አስቀመጥኩ። ዛሬ ክሩ የለም። ያዝኳት ስል ሂሩት ብስኩቱን ጊጊሪ ወዳለው ቢሮዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ለባልደረቦቼ አለች። ክሩን ምን ልታደርገው ነበር ብላ ጠየቀች። ስድስት ዓመት አብራን የኖረችን ሰው በክር ታጠምዳለህ ወይ ብላ ተቆጣች። ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ደግሞ ውሃ አብዝቷል። አቼንግ ሳህኑን በቀን አራቴ እሞላለሁ ትላለች። የክኒኑ ነው። ደረቅ ምግቡንም እምቢ ብሏል፣ ቱናውን ብቻ ነው የሚወደው። ይበርታ ብዬ ግማሽ ቆርቆሮ ሰጠሁት።

ለማንም የማልለውን ላንተ ልበል። እፈራለሁ። ሜሮን ከሄደች ወዲህ የቁልፌን ድምፅ ሰምቶ የሚነሣልኝ እሱ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 26። ጠዋት 1:05

41። ድዱ ነጥቷል። መኪና አስነሥቻለሁ።

ያው ቀን። ከሰዓት 9:40

ኦክስጅን ውስጥ ነው። መስታወት ሣጥን፣ እሱ ውስጥ፣ እኔ ውጭ። ዶ/ር ዋ. በደም ሥር መድኃኒት ሰጠችው። እንደገና ጠየቀችኝ። የሚበላው በእርግጥ አልተቀየረም? በእርግጥ አልኩ።

ቤት ሄጄ አቼንግን ጠራኋት። ጮህኩባት። ምን ነው የምትሰጪው አልኳት። ስድስት ዓመት ጮኼባት አላውቅም። ወደ ክፍሏ ገብታ ያን ደብተር አመጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ ቆመች፣ እጇን አጣምራ።

ከፈትኩት። ሰዓት፣ ነገር፣ ሰጪ። ቁጥሮቹ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ። በየገጹ ላይኛው መስመር ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር። ጠዋት 12:30፣ ሳማኪ፣ ባባ ሜሮን። ማታ 12:30፣ ሳማኪ፣ ባባ ሜሮን። ሳማኪ፣ ባባ ሜሮን። ሳማኪ፣ ባባ ሜሮን። ማክሰኞ ላይ፣ ሳማኪ፣ ግማሽ ቆርቆሮ።

ሳማኪ ዓሣ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ልነግርህ ነበር አለች። ጨው አለው ልልህ። የመድኃኒቱ ነገር የኔ ነው አልከኝ። እና ለምን ጻፍሽው አልኳት። ድሮ በሠራሁበት ቤት ውሻ ሞቶ መርዘሽው ነው ተብያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ጻፊ ሲለኝ እጽፋለሁ አለች።

ቆርቆሮውን ከቆሻሻ ውስጥ አወጣሁት። በትንሽ ጽሑፍ፣ በጨው ውሃ የተቀመመ ይላል። የብስኩቱን፣ የደረቅ ምግቡን፣ የክኒኑን ጽሑፍ ሁሉ አንብቤአለሁ። በራሴ እጅ የምከፍተውን አላነበብኩም። ምግብ ብዬም አልቆጠርኩትም። የክኒን መጠቅለያ ነበር በኔ ቤት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ይኸው።

ሳማሃኒ አልኳት፣ ይቅርታ በነሱ ቋንቋ። ሃይና ሺዳ አለች፣ ችግር የለም እንደማለት። ግን አላየችኝም። ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ዓርብ፣ የካቲት 27። ጠዋት 3:10

ቆርቆሮውንም ደብተሩንም ይዤ ሄድኩ። ዶ/ር ዋ. አነበበች። ሳቀችብኝ ብዬ ቀና ስል አልሳቀችም። ልቡ ለደከመ ትንሽ ውሻ ይህ ሁሉ ጨው ውሃ ያስይዛል፣ ሰው አይነግረንም፣ መጠቅለያውን ምግብ የሚለው የለም አለች።

እንግዲያው ቀዶ ጥገናው አያስፈልግም አልኩ፣ ዘልዬ። ጨው ነው፣ አለቀ። አይደለም አለች። ጨው ውሃውን አመጣው፣ ቫልቩን አልቀደደውም። የድሮውን ምስል ከአዲሱ ጎን አድርጋ በጣቷ እየጠቆመች አሳየችኝ። የድሮው ከጾሙ በፊት የተነሣ ነው። ያኔም ያፈሳል።

አየሁት። በራሴ ዓይን። የማላምነውን ፈልጌ አጣሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 30። ከሰዓት 9:00

29። ቤት ነን። ክኒኑ በተቀቀለ ዶሮ። ሂሩት ራሷ ነች የገዛችው፣ በጾም፣ የውሻውን ጾም እግዜር አልጠየቀንም ብላ። ስለ ክሩ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ አነሣችብኝ፣ በሳቅ።

አንድ ጥርጣሬ ቀርቶኛል። ልቡን አቁመው ካልተነሣስ? እዚያ ክፍል አልገባም። ማንም አያስገባኝም።

ዓርብ፣ መጋቢት 4። ከሰዓት 10:20

ፎርሙ መጣ። ከፊርማው በፊት ያለፉት ሳምንታት የትንፋሽ ቁጥርና የበላው ሁሉ ይላክ ይላል።

የኔ መዝገብ አለ። ንጹሕ፣ ቱና የሚል ቃል አንድም የሌለበት። የአቼንግ አለ። የሷን ገጾች አንድ በአንድ በስልኬ አነሣኋቸው። ሳማኪዎቹ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። እነዚህን ብዘላቸው ማን ያውቃል? ባሕር ማዶ ያለ ሐኪም ሳማኪ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ከሥር ዓሣ፣ በጨው ውሃ፣ የሰጠሁት እኔ ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ላክኋቸው።

ከዚያ ፊርማው። ያላየሁትን፣ የማላየውን። ሜሮን ስልክ ላይ ነበረች፣ ትንፋሿን ሰማሁት። ፈረምኩ።

አሁን ካፕቴን ከሶፋው ሥር ተኝቷል። አቼንግ አጠገቡ ወለሉ ላይ፣ ሰዓቷን ይዛ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ጨረሰች። 24 ባባ ሜሮን አለችኝ።

የኔም ሰዓት እጄ ላይ ነው። አልቆጠርኩም።

24።