ሜርኩሪን ሲከታተሉ የኖሩት የአክስታችን የሕይወት ታሪክ

ቤተሰቡ «እትዬ መቀስ» እያለ የሚጠራቸው ተመራማሪዋ አክስታችን፣ ዓሣ አጥማጅ ከነበሩት አባታቸውና መረብ በመጠገን ከሚታወቁት እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ወንዝ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ታናሽ ወንድማቸው የአባታቸውን ጀልባ ሲረከቡ፣ እሳቸው በትምህርታቸው ገፍተው በ1970 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በአፈርና ውኃ ምርመራ ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ።

በ1974 ዓ.ም. የሒሳብ መምህር አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ሰው አካል ውስጥ የገባ ሜርኩሪ በፀጉር ስለሚታወቅ፣ ሊጠይቃቸው የሄደ ዘመድ ሁሉ ከማጅራቱ ጥቂት ሳያስቆርጥ አይመለስም ነበር። መላጣው ባለቤታቸው፣ «እኔን የመረጠችኝ ሥራና ቤት እንዳይደባለቅባት ነው» እያሉ ያስቁን ነበር።

በ1979 ዓ.ም. የአትክልተኞች ማሳ በሜርኩሪ መበከሉን አስታወቁ። ቲማቲሙና ሰላጣው ገዢ አጥቶ በሰበሰ። ቆይተው ግን ምንም ሊኖርበት የማይገባውን የተጣራ ውኃ ቢለኩ እሱም ላይ ሜርኩሪ ተገኘ። የቤተ ሙከራውን የወለል ጣውላ ሲያስነሡ፣ ድሮ ከተሰበረ ቴርሞሜትር የፈሰሰ ሜርኩሪ በየስንጥቁ እንደ ዶቃ ተበትኖ አዩ። ናሙናዎቹን የበከለው የሱ ትነት ኖሯል። የሥራ ባልደረቦቻቸው ነገሩን በዝምታ እንዲያልፉት ቢመክሯቸውም፣ አትክልተኞቹን ሰብስበው፣ «አፈራችሁ ደህና ነው። የተበከለው የኔ ክፍል ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ የተጣራ ውኃ ሳያስቀድሙ ምንም ነገር ለክተው አያውቁም።

በ1988 ዓ.ም. ወደ ተወለዱበት ወንዝ ተመለሱ። ከላይ ወርቅ አጣቢዎች የሚጠቀሙበት ሜርኩሪ ከደለሉ ወደ ትናንሽ ዓሦች፣ ከነሱም ወደሚበሏቸው ትልልቆች እየተጠራቀመ መሄዱን ደረሱበት። በተለይ ለፅንስ አደገኛ ነበር። የወንድማቸው መተዳደሪያ ደግሞ ትልልቁ ዓሣ ነው፤ ሚስታቸውም ነፍሰ ጡር ነበሩ።

በአጥማጆቹ ስብሰባ ላይ ወንድማቸው ተነሥተው፣ «እትዬ፣ የለካሽው የኔን ዓሣ ነው ወይስ የቤተ ሙከራሽን ወለል?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። አክስታችን አልተቆጡም። «ደግ ጠየቅህ። ና፣ አጠገቤ ቆመህ እይ» አሏቸው። አልሄዱም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ደጃቸውን መርገጥ ተዉ።

ነፍሰ ጡሯ ግን ባላቸውን ሳያማክሩ ሄደው ፀጉራቸውን አስቆረጡ። ውጤቱ ከፍተኛ መሆኑን ለባላቸው ሲነግሩ፣ ወንድም በማግሥቱ ቤተ ሙከራ ገቡ። መጀመሪያ የተጣራው ውኃ ተለካ፤ ምንም የለበትም። ቀጥሎ የሚስታቸው ፀጉር ተለካ። ወንድም ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። «በይ እትዬ፣ የኔንም ቁረጪ» አሉ።

ከዚያ ሁለቱ በአንድ ጀልባ ወጡ፤ ወንድም ያጠምዳሉ፣ እኅት ይለካሉ። ተክል የሚበሉት ትናንሾቹ ዓሦች ለመብል እንደሚሆኑ አረጋገጡ። አጥማጆቹም መረብ ለውጠው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ሕፃኑም በደህና ተወለደ።

አክስታችን በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። የልብ ሕመም ጸንቶባቸው በተኙበት ሰሞን ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉላቸው ወንድማቸው ነበሩ፤ «ዛሬስ መቀሱ እጄ ገባ» ሲሏቸው በደከመ ድምፅ ይስቁ ነበር። መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ዛሬም በዚያው ወንዝ የሚያጠምዱትን ወንድማቸውን ትተውልናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በንጹሕ ውኃ ዳር ያሳርፍልን።