ማተሚያውን የገመገሙት ታላላቆች

ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ትምህርቱስ፣ የጅማ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እማዬና አባዬ ደህና ናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከኮምፒውተር ማኅበራችን በስተቀር የታመመ የለም። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት የዶርም ጓደኞችህም እንዲያነቡት ብዬ ነው።

በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ክፍል ያሉትን ሁለት ኮምፒውተሮች አንተ በላክኸው፣ ውስጡን ማንም ከፍቶ ሊያነበው በሚችል ነፃ ፕሮግራም እንዳስነሣናቸው ታውቃለህ። እኔም የእማዬን ተረቶች በአኙዋክ ቋንቋ ጽፌ ሃያ አራት ገጽ አደረስኳቸው። ለኢታንግ ልጆች የመጀመሪያ ማንበቢያቸው ሊሆን ነበር፤ መምህርታቸው አጁሉ ዝናብ መንገዱን ሳይዘጋው መጥታ ልትወስድ። የክፍላችን ማተሚያ ግን ፋብሪካው ያዘጋጀለት ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነለት አይሠራም፤ ፋይሉ ደግሞ ዝግ ነው፣ ውስጡ አይነበብም። ጫንኩት። ሠራ።

ከዚያ አንድ ደብዳቤ ከጅማ መጣ። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ያው የሒሳብ አስተማሪው፣ እንደ አዋጅ አነበቡት። አንድም ዝግ ፋይል ያስገባ ማኅበር ነፃነቱን ሸጧል ይላል። የጸሐፊውን ስም ግን አላነበቡም። ወዲያው ግምገማ ተጠራ! ብታይ የወረዳ ሹም የሚገመገም ይመስልህ ነበር፤ የተገመገመው ማተሚያ ነው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ኦጅዋክ፣ ልጆቹ ያንብቡ እንጂ የፋይሉ ሃይማኖት ምን አገባን ብለው ተከራከሩ። ጋሼ አድርባይ አሏቸው። እሳቸውም ጋሼን ጳጳስ አሏቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ!

በመጨረሻ እኔ ግለ ሂስ እንዳደርግ ተወሰነ። ተነሥቼ፣ ጥፋቴን አምናለሁ፣ ግን ጋሼ የእጅ ሰዓትዎን ከፍተው ውስጡን አንብበው ያውቃሉ ወይ አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን፣ ወንድሜ፣ ሰዓቱን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት! ይኸው ከዚያ ወዲህ ክፍል የሚገቡት አርፍደው ነው። ፋይሉም ተሰረዘ።

አጁሉ ሐሙስ ዕለት በጭነት መኪና ተሳፍራ መጣች፤ ባዶ ካርቶኗን ይዛ ተመለሰች። ልጆቹን ምን ልበላቸው አለችኝ። ስለ ነፃነት የሚጣሉት ሁሉ ማንበብ የሚችሉ ናቸው። ማንበብ የማይችሉትን ማን ጠየቃቸው?

መቼም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ገጾቹን ከስክሪኑ ላይ በእጄ መገልበጥ ጀምሬአለሁ፤ እስክሪብቶ እስካሁን አልተገመገመም። ጋሽ ወንዳፍራሽም ትናንት አንገታቸውን ደፍተው መጥተው አንድ ደብተር ወሰዱ። የሚገለብጡት ቋንቋ ለእሳቸው ዝግ ነው፤ ይሁን። አራት ቅጂ አልቋል። ልጆቹ ሃያ ሁለት ናቸው።

አንዱን ቅጂ ከባዶ ደብተሮች ጋር ልኬልሃለሁ። አሥሩን አንተ ትገለብጣለህ፤ ግንቦት ሳይጋመስ ይድረሰኝ። ጽሕፈትህ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በቀደም ጋሼ ያን የጅማ ደብዳቤ ሲያነቡት አንድ ቦታ እንኳ አልተደናቀፉም።

እግዚአብሔር ዕውቀትህን ያብዛልህ፤ ልብህንም የዚያኑ ያህል ያስፋልህ።

ያኮረፈችህ ታናሽ እህትህ