የደፈንኋት መስኮት

ማክሰኞ፣ ጥር 7

መስኮቷን ዛሬ ደፈንኋት። ጭቃና ጭድ አቡክቼ፣ መሀሏ ላይ የማሽላ ጆንያ ቁራጭ ጠቅጥቄ፣ በመዳፌ ለሰንኋት። የበሩንም ስንጥቅ በአሮጌ ነጠላ ወተፍሁት። እስቲ አሁን ንፋስ በየት በኩል ይገባል? ይምጣና ይሞክረኝ!

ታናሽ እህቴ የሽ አራስ ናት፤ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ። ያን ሆድ ተሸክማ ከጭልጋ እስከ ገዳሪፍ በእግሯ መጥታ፣ በዚች የኪራይ ጭቃ ቤት በሰላም መገላገሏን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። ባሏ አያሌው ጥጥ ለቀማ ወደ ፋው ሲሄድ፣ «አንች አለሽ ብየ ነው የምሄድ» አለኝ። «ሂድ፤ ንፋስ አያገኛትም» አልሁት። ይኸው ቃሌን ጠበቅሁ።

ደግሞ የከሰሉ ነገር አለ። ዘንድሮ ረሃቡ ያሰደደው ሰው ሁሉ እዚህ ነው፤ ከሰል እንደ ልብ አይገኝም። ውጭ ሳበስል ያ የጥር ንፋስ እፍ እፍ እያለ ምስሩ ሳይበስል ፍሙን አመድ ያደርገዋል። ስለዚህ ምድጃውን ወደ ቤት አስገባሁት። አንድ ጣሳ ከሰል ለቀኑም ለማታውም በቃ። የተረፈውን ፍም በአመድ አዳፍኜ አሳድረዋለሁ፤ ጧት ገለጥ ሲያደርጉት ቀይ ነው፣ ክብሪት እንኳ አያሻም። ብልህ ነኝ እኮ! ማንም ካላመሰገነኝ እኔው ራሴን ላመስግን እንጂ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ዓይኔ ሲያለቅስ ዋለ። ሕፃኗ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳለች። ክርስትና እስክትነሳ ስም የላትም፤ «እሜቴ» ነው የምንላት።

የሽ «እትየ፣ ራሴን ይዞኛል» አለች። «አራስ አይደለሽ እንዴ፣ ራስሽን ባይዝሽ ነበር የሚገርመኝ» አልኋት። ዝም አለች። እኔ ስናገር ዝም ማለት ልማዷ ነው፤ እኔም ይህን እንደ ስምምነት እቆጥርላታለሁ።

ከሰዓት ጎረቤታችን ዘሀራ መጣች። የመተማ ሰው ናት፤ ሱቅ በር ላይ ሽንኩርትና የደረቀ ባሚያ ትሸጣለች። ቤቷና ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተጣበቁ ናቸው። በሩን ከፈት እንዳደረገች በመጎናጸፊያዋ አፍንጫዋን ያዘች።

«ኧረ በአላህ! እህትሽን እንደ ሱዳን ሙሽራ በጭስ ልታጥኛት ነው እንዴ?»

«በሩን ዝጊ፤ ንፋስ ታስገቢባታለሽ» አልኋት።

«ይህችን ጭቃ ንሽልኝ። ሰው አየር ይፈልጋል።»

ተቆጣሁ። ስለ አራስ ነገር ደገኛ እንጂ ቆለኛ ምን ያውቃል አልሁ። አምስት ልጅ የወለደችን ሴት! እኔ አንድም አልወለድሁ። ዘሀራ ሳቅ አለች፤ ሳቋ ግን ከአፏ አላለፈም። «እሽ፣ አፌን ዘጋሁ» ብላ ሄደች።

ማታ ሳስበው ትንሽ ከፋኝ። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። መስኮቷን ግን አልከፍትም።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ጀንበሯ ሳትጠልቅ ልጻፈው፤ ነገ ለራሴ አሳምሬ እንዳልዋሽ።

ጧት ፍሙን ገልጬ፣ ከሰል ጨምሬበት፣ ለየሽ ገንፎ ሠራሁ። ከዚያ መልሼ አዳፈንሁት። ጭስ አልነበረውም። ጭስ ከሌለው ምን ያደርጋል አልሁ። በሩን ከውጭ ገርበብ ሳይሆን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ እህል ከሚታደልበት ሰልፍ ሄድሁ።

ስመለስ ፀሐይ ከፍ ብላ ነበር። «የሽ!» አልሁ፤ መልስ የለም። ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተዘርራ፣ የበላችውን ገንፎ አስመልሳዋለች። እሜቴ ክንዷ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝልፍልፍ ብላለች።

አሁን የሚመጣውን ነው መጻፍ ያቃተኝ።

አላነሳኋቸውም። ቢላ ፈለግሁ።

አራስ ያለ ብረት ከደጅ አትወጣም፤ እናቴም እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። ቢላው ሁልጊዜ የየሽ ትራስ ሥር ነው። ትራሱን አነሳሁ፣ የለም። የፍራሹን ጠርዝ ገለጥሁ፣ የለም። «ቢላው የት ነው? ቢላው የት ሄደ?» እያልሁ እንስራውን፣ ሰፌዱን፣ ጆንያውን ሁሉ አመሰቃቀልሁ። ምን ያህል ቆየሁ? አላውቅም። አንድ አባታችን ሆይ ሳያስደግም አይቀርም። ለካ ማክሰኞ ጆንያውን የቆረጥሁበት እኔው ነኝ፤ ከጭቃው ባልዲ ውስጥ ነበር።

ጩኸቴን ሰምታ ዘሀራ ደረሰች። «ምን ቢላ ነው የምትይ አንች!» ብላ እሜቴን እቅፌ ላይ ወረወረችብኝ፤ የሽን በብብቷ ይዛ እየጎተተች አወጣቻት። ከደጁ ዋርካ ጥላ ሥር አጋደመቻት። ንፋሱ ፊቷን መታው። ያ የፈራሁት ንፋስ! የሽ ቃተተች፣ አስመለሳት፣ ዓይኗን ገለጠች። እሜቴ ቆይታ ቆይታ አንዴ ትንፋሽ ሳበች፤ ድምፅ ግን አልነበራትም።

በአህያ ጋሪ ወደ ክሊኒኩ ወሰድናቸው። ሱዳናዊው ድሬሰር ዓይናቸውን አየ፣ ደረታቸውን አዳመጠ፣ በአረብኛ ጠየቀ። ዘሀራ ተረጎመችልኝ፦ ቤቱ ውስጥ እሳት ነበረ ወይ?

«አልነበረም» አልሁ። «ምች ነው የመታት።»

ዘሀራ ይህን ወደ አረብኛ አላሻገረችውም። አፏን ገጥማ ቁጭ ብላ አየችኝ። ድሬሰሩም አየኝ። የሽም ከተኛችበት አየችኝ።

«ነበረ» አልሁ። «መስኮቱንም የደፈንሁት እኔ ነኝ።»

አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የታፈነ ከሰል ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም፣ አይታይም አይሸትም አለ። ሁለቱም ንጹሕ አየር ላይ ይዋሉ፤ ሕፃኗን ጡት አጥቡ፤ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ሥር ጎድጎድ ካለ ሮጣችሁ ኑ፤ ባይሆንም ሰኞ ልያት አለ።

ዓርብ፣ ጥር 10

ጧት መጀመሪያ ያደረግሁት፣ በዚያው ቢላ መስኮቷን መፈንቀል ነው። ጭቃው ደርቆ እንቢ አለኝ። ምን አባቴ እንዲህ አጥብቄ ለሰንሁት! የቢላው ስለት ተሸራረፈ። ብርሃን ሲገባ ጣሪያውን አየሁት፤ በሦስት ቀን ጠቁሯል። የየሽ ሳንባ ውስጥም እንዲሁ ይሆን?

ዘሀራ ሳልጠራት መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት ስል «ተይው፣ ጭቃ አምጭ» አለችኝ። ጭቃ እወድ የለ፣ እንዳሻኝ ልጠፍጥፍ! ከውጭ፣ ንፋሱ በማይመጣበት በምሥራቁ ግድግዳ ሥር፣ ምድጃውን በሦስት ጎን በጉልበት ከፍታ አጠርነው። ለአየር ከታች አንዲት ቀዳዳ ተውን። ያስተማረችኝን ልጻፈው፦

ምስርና ባቄላ ከማታው ይዘፈዘፍ።
ድስት ያለ ክዳን አይጣድ።
የእኔ ሲወጣ የእርሷ ይጣድ፤ አንድ ፍም ለሁለት ቤት።
ሲያበቃ ከሰሉን ውኃ ረጭቶ ማጥፋት፤ ደርቆ ነገ ይነዳል።
ፍም ቤት ውስጥ አይደር። በጭራሽ።

ዛሬ አንድ ጣሳ ከሰል የሁለት ቤት ምሳ አበሰለ፤ ግማሹም ተረፈ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስሁ። ያ ሁሉ መድፈን ለምን ነበር? ማክሰኞ ዕለት ዘሀራን ብጠይቃት ኖሮ እኮ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

እሜቴ ትንሽ ትንሽ ትጠባለች። ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል። ከትናንት ወዲህ አላለቀሰችም። ሕፃን ዝም ሲል እንዲህ ያስፈራል አልልም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ያገራችን ሰዎች በዓሉን ሊያከብሩ ወጡ። እኔ አልሄድሁም። በምን ዓይኔ?

የሽ ደጅ ጥላው ሥር ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያ የተሸራረፈ ቢላ አለ። የሚያልፉ ሴቶች «አራስ ደጅ!» ብለው ይገረማሉ። ይገረሙ።

ነገሩ አላስቀምጥ ስላለኝ ነገርኋት። «ትናንት ወዲያ ስገባ ቶሎ አላወጣኋችሁም፤ ቢላ ስፈልግ ቆየሁ» አልኋት።

አቀርቅራ የእሜቴን መጠቅለያ አስተካከለች። ከዚያ፣ «ሰምቼሻለሁ እትየ» አለች። «ቢላው የት ነው ስትይ እሰማሽ ነበር። ተይው፣ ልጄን አውጭልኝ ልልሽ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።»

ብትሰድበኝ ምን ነበረበት! ጉልበቷን ይዤ አለቀስሁ። ራሴን ዳበስ አደረገችኝና «አታልቅሽ፣ ጡቴ ይደርቃል» አለች። የእኔ ልቅሶ የእርሷን ጡት ምን እንደሚያደርቀው እንጃ። ግን ዝም አልሁ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ እኔ ዝም ልበልላት።

ነገ ወደ ፋው የሚሄድ ሰው አለ። ለአያሌው ደብዳቤ ጀመርሁ። «ንፋስ አያገኛትም ብየህ ነበር» ብዬ ጻፍሁና የሚከተለው ጠፋኝ። እውነቱን ነው የምጽፍለት፤ እርሱ ያለውን ይበለኝ።

ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ቤት ገባን። እርሳሱን እንደያዝሁ እሜቴ ጡቱን ተፋችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ጮኸች። እንዴት ያለ ጩኸት መሰለሽ ደብተሬ! የሽም እኔም ዝም አላሰኘናትም፤ ተያየን። ደረቷ አሁንም ሲር ይላል፤ ሰኞ ለድሬሰሩ እናሳያታለን።

ዘሀራ ከቤቷ ሆና «አልሐምዱሊላህ!» ስትል ሰማናት። መስኮታችን ክፍት ነበረች።