የኦሪን ይቅርታ

ውድ ቬልማ፣

እሁድ በስልክ «ትሬንት ኳስ መወርወር ጀመረ፣ ለጊዜው ሃያ እርምጃ ብቻ ነው» ስትዪኝ ዝም ብዬ አለቀስኩ። አንቺ ጉንፋን የያዘኝ መስሎሽ ሻይ በማር ጠጪ አልሽኝ። ጉንፋን አልነበረም። የምነግርሽ ነገር አለ፤ ድምፅሽን ስሰማ ወኔ እየከዳኝ ስንት እሁድ ዋጥኩት መሰለሽ። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን ብያለሁ።

ደክሞኛል ቬልማ። በአንድ ዓመት ዘጠና ስምንት ጨዋታ የተሸነፈ የቤዝቦል ቡድን መደገፍ ያደክማል፤ የኔ ድካም ግን የሱ አይደለም።

ባለፈው ሰኔ ዝናብ ጨዋታውን አቋርጦት መኪናሽ ውስጥ ቋሊማ በሰናፍጭ ስንበላ የነገርሽኝን ታስታውሻለሽ። «ልጄን ትሬንትን ክርኑን ያመዋል። ሐምሌ ላይ አንድ ጥሩ ቡድን ሊወስደው ስለሚፈልግ እስከዚያ ችሎ ይወረውራል። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት» አልሽኝ። እኔም ጉንጬን እንደሞላሁ አፌን በመዳፌ ከድኜ አሳየሁሽ። ሳቅሽብኝ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ እንደ ልማዳችን ስታን መጠጥ ቤት ተሰበሰብን። አንቺ የእህትሽ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርሽ። ቡድናችን በቴሌቪዥኑ ለሰባተኛ ተከታታይ ጊዜ እየተሸነፈ ስለነበር ማንም የሚያየው የለም፤ ሁሉም ክርክር ላይ ነው።

«ትሬንትን ሰጥተው ሁለት ወጣት መቺዎች ያምጡልን» አለ ሥጋ ሻጩ ኦሪን። «ለልጁም ይሻለዋል። እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ወጣት፣ ወጣት» አለ ሃዊ፣ ያ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር። «ከአሥር ዓመት በፊትም ወጣቶቹን ጠብቁ ተብለን ነበር። እኛ አረጀን እንጂ እነሱ አልበሰሉም። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ።»

«እና አንተ ምን ይደረግ ነው የምትለው ጌታው?»

«እኔማ ማንም አይወስደውም ነው የምለው። ሰሞኑን ኳሱን አላየህም? እናቴ ዳቦ ስታቀብለኝ ከዚያ ትፈጥን ነበር። ልጁ ገንዘብ ሲያይ ሰነፈ። ድሮም እናቱ አሞላቅቃ ነው ያሳደገችው።»

አንቺን ሲያነሣ ደሜ ፈላ። «አፍህን ሰብስብ ሃዊ» አልኩት። «ሰነፍ አይደለም። ክርኑን እያመመው ነው የሚወረውረው።»

ሃዊ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ክርክሩን በማሸነፌ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ብርጭቆዬን ሳነሣ ነው ያደረግኩት የገባኝ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና መመለሻ አጣሁለት።

በማግስቱ ሃዊ የሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራም ላይ ደውሎ «ከታማኝ ምንጭ ሰማሁ» ብሎ ዘከዘከው። የቀረውን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሊወስደው የነበረው ቡድን ክንዱ ይመርመር አለ፣ ዝውውሩ ፈረሰ፣ ነሐሴ ላይ ቀዶ ጥገና ሆነ፣ አንቺም ቤትሽን ቆልፈሽ ልታስታምሚው እሱ ወደሚታከምበት አሪዞና ወረድሽ። ሐኪሙ «ትንሽ ቢቆይ ጅማቱ ጨርሶ ይበጠስ ነበር» እንዳለሽ ነግረሽኛል። ከዚያ ቃል ጀርባ ልደበቅ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ሃዊን ልረታ ብዬ እንጂ ለትሬንት ክንድ አስቤ አልነበረም የተናገርኩት።

ከዚህ የባሰው ግን የኦሪን ነገር ነው።

ትሬንት ክርኑን አስሮ ከሱቁ በረዶ ሲገዛ ኦሪን አይቶት ስለነበር ያወራው እሱ ነው ብለሽ ደመደምሽ። ሱቁ ገብተሽ በደንበኞቹ ፊት «አንተ ወሬኛ፣ የልጄን እንጀራ ዘጋህበት» ስትዪው እኔ ቦርሳሽን ይዤ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ኦሪን አንዴ እኔን አየኝ። ከዚያ የቆረጠውን ሥጋ ተመለከተና «ይቅርታ ቬልማ» አለሽ። እኔ ቦርሳሽን እንደያዝኩ ተከትዬሽ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦሪን ስታን ቤት መጥቶ አያውቅም። ሃዊም የራሱን ድርሻ ስለሚያውቅ ትንፍሽ አላለም።

ባለፈው ሳምንት ሱቁ ሄጄ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት። የተፈጨ ሥጋ እየመዘነልኝ ነበር።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሜዳ ገብታችሁ ጎን ለጎን ተቀምጣችኋል» አለኝ። «ባልሽ የሞተ ጊዜ ሌሊቱን አብራሽ ያደረችው ማን ነች? እኔ ቢራዬን እቤቴም እጠጣለሁ ዶሪን።» ከዚያም «ሌላ የምትፈልጊው አለ?» አለ።

ሥጋውን ሚዛኑ ላይ ትቼው ነው የወጣሁት።

ሐሙስ ዕለት ስታን ቤት ሁሉም በተሰበሰቡበት ያወራሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። የማያውቁት አንዳንዶቹ ሲያፈጡብኝ ሃዊ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። በዚያ ምሽት የሚያመጧቸውንም የሚሰጧቸውንም ተጫዋቾች ያነሣ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ቶሎ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

የዘንድሮው የወንበር ትኬታችን መጥቷል። አሥራ አንድ ቁጥር ያንቺ ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። የኔን አሥራ ሁለት ቁጥር ለኦሪን ሰጠሁት። አልወስድም ብሎኝ ነበር፤ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። ሚያዝያ ላይ ለመክፈቻው ጨዋታ ስትመጪ አጠገብሽ የምታገኚው እሱን ነው። እባክሽ ሰላም በይው። ያን ቀን የጠየቀሽ ይቅርታ የኔ ነበር።

እኔ ከሜዳው ማዶ፣ ከውጤት ሰሌዳው ሥር ካለው ጀርባ የሌለው አግዳሚ ላይ ነኝ። የጨዋታውን ውጤት የምጽፍበትን መዝገቤንና እርሳሴን ይዤአለሁ፤ ትሬንት ተመልሶ የሚወረውር ቀን አንዲት ኳስ አታመልጠኝም። ወደዚያ ቀና ብለሽ ባታዪም አልቀየምሽም።

«ያንቺዋ» ብዬ መፈረም ፈልጌ ነበር፤ እሱን ግን አንቺ ካልፈቀድሽ አልጽፈውም።

ዶሪን