ማሽኑ የማያየው ጠርሙስ

የካቲት 4
ጠዋት ስብሰባ። አለቃዬ ጥቁሩን የሻምፑ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። የእኔን ጠርሙስ... ከሰባት ዓመት በፊት የነደፍኩትን፣ የተሸለምኩበትን። ከቆሻሻ መለያ ጣቢያው ደብዳቤ መጥቷል፤ «ተመልሶ ሥራ ላይ ለመዋል አይመችም» ይላል።
«አሻሽዪው» አለኝ።
ምኑ ነው የማይመቸው? ፕላስቲክ ያው ፕላስቲክ አይደል? ከፋኝ። ልጅሽ አስቀያሚ ነው ያሉኝ ያህል።
ነገ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ።

የካቲት 5
ጣቢያው ከከተማው ጫፍ ነው። የተቀበሉኝ የፈረቃ ኃላፊው ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ማግኔት» ይላቸዋል። ከቆሻሻ መሃል ብረቱን ሳያዩ በእጃቸው መንጥቀው ያወጣሉ።
«እስቲ ያንቺን አምጪው» ብለው ጠርሙሴን ተንቀሳቃሹ ቀበቶ ላይ ጣሉት።
ማሽኑ የሚለየው ብርሃን እያበራ ነው። ነጩን ወዲህ፣ አረንጓዴውን ወዲያ፣ በአየር እፍ እያለ ይወረውረዋል። የእኔ ጥቁር ብርሃኑን ዋጠና ዝም አለ። ምንም ሳይነካው እስከ መጨረሻው ሄዶ ወደቀ።
«አየሽ? ለሱ ቀበቶው ባዶ ነው።»
«ከዚያስ የት ይሄዳል?»
በጓሮ በር ይዘውኝ ወጡ።
ክምሩ... እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሦስት ፎቅ ያህላል። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ጠርሙስ። አንገታቸውን አውቀዋለሁ። ያን አንገት ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።
ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋስ ተነሳ። ክምሩም ማንጎራጎር ጀመረ። አፏን ሳትከፍት እንደምታንጎራጉር ሴት። ጋሽ ማግኔት ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።
«እስኪያበቃ ድረስ ከሠራተኛው ማንም ወደዚህ አይመጣም» አሉኝ በሹክሹክታ።

የካቲት 6
ነገሩ ቀላል ነው። ቢሮ ውስጥ ባዶ ጠርሙስ አንስቼ አፉ ላይ ነፋሁ። ያው ድምፅ። ጠባብ አንገት፣ ስለታም ከንፈር፣ ባዶ ሆድ። ዋሽንት በሉት። አለቀ።
ታዲያ የክንዴ ፀጉር ለምን ቆመ?

የካቲት 11
እንደገና ሄድኩ። ከክምሩ ፊት ለፊት አንዲት እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።
ጋሽ ማግኔት ቀስ ብለው ነገሩኝ። ልጃቸው እዚሁ ቆሻሻ ለቃሚ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ቀን ከሥራ እንደወጣች ቀረች። ቦርሳዋም ስላልተገኘ «ከወንድ ጋር ኮብልላ ነው» ተባለ፤ ፖሊስም ፋይሉን ዘጋው። እናትየው ግን አላመኑም። ነፋስ በሚነሳበት ሰዓት ይመጣሉ።
«መጣሽ ልጄ? ቁጭ በይ፤ አሁን ትጀምራለች» አሉኝ እናትየው ስጠጋቸው።
«ማን ናት እማማ?»
«ልጄ ናታ። ሥራ ስትሠራ ማንጎራጎር ትወዳለች።»
«እማማ... ነፋስ እኮ ነው። የጠርሙሱ አፍ ነው።»
«ነፋስ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ነፋስማ ነው። ግን እዚያ ጋ ሲደርስ ለምን ዜማውን ይቀይራል?»
በጣታቸው ግራውን ጥግ አሳዩኝ፤ አጥሩ የሚታጠፍበትን። አዳመጥኩ። እውነትም ይቀይራል። ዝቅ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል... ትንፋሽ እንደሚስብ ሰው።
ጠርሙሱን የነደፍኩት እኔ ነኝ አላልኳቸውም።

የካቲት 19
ስሠራ ዋልኩ። ጥቁሩን ቀለም አወጣሁት። ፓምፑ ውስጥ ያለችውን የብረት ሞላ በፕላስቲክ ተካሁ። አካሉም፣ ክዳኑም፣ ፓምፑም ካንድ ዓይነት ፕላስቲክ። የስም ልጣፉ ሙቅ ውሃ ሲነካው የሚላቀቅ።
አለቃዬ ሥዕሉን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። «ጥቁሩ ነበር ውድ የሚያስመስለው። ይሄ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይመስላል።»
«ማሽኑ ያየዋል።»
«ገዢው ካላየውስ?»
አንገቱንም አሰፋሁት፤ ከንፈሩን አዶለዶምኩት። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም።
ባሌ ደግሞ ይስቅብኛል። «የሻምፑ ባለሙያ አግብቼ ሚስቴ ፀጉሯን በልብስ ሳሙና ትታጠብ?» መታጠቢያ ቤት ያለውን ጥቁሩን ጠርሙስ መንካት እንዳቃተኝ እንዴት ብዬ ላስረዳው?

የካቲት 27
ሁለት ደስታና አንድ ጭንቀት። መቶ ናሙና ቀበቶው ላይ ለቀቅን፤ ማሽኑ ዘጠና ስምንቱን አየ! ጋሽ ማግኔት ጀርባዬን መቱኝ፣ ሊደፉኝ ምንም አልቀራቸውም። ለክምሩም ወሳጅ አገኘሁለት። የፍሳሽ ቱቦ ፋብሪካ ነው፤ ቱቦ ጥቁር ቢሆን ማን ግድ አለው?
እማማ ሰሙ። አልጮሁም፣ አልተቆጡም።
«ካነሳችሁት የት ሄጄ ልስማት?» ብቻ አሉ።

መጋቢት 3
ማንሳቱ ተጀመረ። ከቀኝ በኩል፣ በሎደር። ክምሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ አነሰ። ግራው ጥግ ግን እንዳለ ነው። እንዲያውም አሁን ብቻውን ሲሆን ይበልጥ ይሰማል።
ሎደሩ ወደዚያ ሊዞር ሲል ሮጬ ፊቱ ቆምኩ። ምን እንደገፋኝ አላውቅም።
«ይሄ ጥግ በእጅ ይነሳ!»
ሹፌሩ «እመቤቴ፣ በእጅ ከሆነ ሳምንት ይፈጃል» አለ።
«ይፍጅ።»
አለቃዬ ደወለ። «ቢሮሽ የት እንዳለ ጠፋሽ?» ዘጋሁበት። በሕይወቴ አለቃ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም።
ጋሽ ማግኔት ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ጓንታቸውን አጠለቁ። ለቃሚዎቹም ተከተሏቸው።

መጋቢት 6
አገኘናት።
ከአጥሩ ሥር። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ።

መጋቢት 7
ትናንት እዚያ ላይ መጻፉን አቆምኩ። አጥሩ ሲታጠፍ ክፍተት አለው፤ ወደ መንገድ በአቋራጭ የሚያስወጣ። ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። ክምሩ ተናደባት። ማንም አላየም።
ከላይዋ ጠርሙሶቹን ያነሱት ጋሽ ማግኔት ናቸው። እኔ እማማን ይዤ ነበር። ደግፌ ነው ወይስ ተደግፌ... እንጃ። ሦስት ዓመት ያልወጣ እንባ ወጣ። «ብያችሁ ነበር... ብያችሁ ነበር...» ሌላ ቃል አልነበራቸውም።
ነፋሱ በክፍተቱ ስለሚገባ ነው እዚያ ጋ ዜማው የሚቀየረው። ጻፍኩት። ሲነበብ ልክ ነው።
ግን ክፍተቱ እስከ ሰው ቁመት በጠርሙስ ተደፍኖ ነበር። አስከሬኗ ከተወሰደ በኋላ የክፍተቱን የመጨረሻ ጠርሙሶች ያነሳሁት እኔው ነኝ። ነፋስ በየት ገባ?

መጋቢት 12
ቀብሩ አለፈ። ሥራ ገባሁ። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ወንበሯን ወደኔ አዞረች።
«ምን የሚሉት ዜማ ነው? ከጠዋት ጀምሮ አላቆምሽም እኮ።»
ዝም ብዬ የምሠራ ነበር የመሰለኝ።

መጋቢት 20
አዲሱ ጠርሙስ ማምረቻ ገባ። ካሁን በኋላ ማንኛውም ንድፍ ከአለቃዬ በፊት በጋሽ ማግኔት እጅ ያልፋል። ይህን ካልፈረማችሁ እለቃለሁ ብዬ ነው ያስፈረምኩት። አለቃዬ ፈረመ፤ ሰላምታ ግን አቁሟል።
ከዚያ እማማ ቤት ሄድኩ። አንዲት ክፍል። ግድግዳው ላይ የልጃቸው ሹራብ ተሰቅሏል። ወንበር አቀረቡልኝ። አልተቀመጥኩም።
«እማማ፣ ያን ጠርሙስ የነደፍኩት እኔ ነኝ።»
የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።
«ለምን ጥቁር አደረግሽው?»
«እንዲያምር ብዬ።»
«እንዲያምር...» አሉ። ቃሉን እንደ ባዕድ ነገር አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።
«ዛሬ ይቅር ልልሽ አልችልም ልጄ። ነገ ነይ።»
ነገ እሄዳለሁ። ነገም ካልሆነ ከነገ ወዲያ።